ሳይኮሲስ ሲጀምር ማሰብና ሰውን መረዳት

ሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ የሚያራርቅ የአእምሮ ሕመም፣ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ሌላው የማይሰማውን ድምፅ መስማት፣ ወይም «ይከታተሉኛል» ብሎ ድርቅ ማለት ነው። ሕመሙ በአብዛኛው የሚጀምረው በአሥራዎቹ መጨረሻና በሃያዎቹ ዕድሜ ነው። ድምፁም ጥርጣሬውም በመድኃኒት ብዙ ጊዜ ይበርዳሉ። የታመመው ልጅ ግን ሦስት ነገር ግዛ ተብሎ ተልኮ አንዱን ብቻ ይዞ ይመጣል። ሲያነብ ሐሳቡ ይበተናል፣ መልስ ለመስጠትም ይዘገያል። ቤተሰብ «ድኗል እኮ፣ አሁን እየለገመ ነው» ይላል። ይህ ፍርድ ልጁን ይበድለዋል። የትኩረት፣ የማስታወስና የማቀድ መዳከም ራሱ የሕመሙ አካል ነው። በብዙዎች ላይ ድምፅ መስማት ከመጀመሩ በፊት እንኳ በመጠኑ ይታያል።

ጀርመናዊው ሐኪም ኤሚል ክሬፕሊን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የታማሚው አእምሮ እየተዳከመ እንደሚሄድ አስቦ ነበር። ሕመሙ ከጀመረ በኋላ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች ግን በአብዛኞቹ ላይ የማሰብ ችሎታቸው ባለበት እንደሚቆይ አይተዋል። ለቤተሰብ ትልቅ ተስፋ ነው።

ሁለተኛው ችግር ሰውን መረዳት ላይ ነው። የፊት ገጽታን፣ በተለይ ፍርሃትንና ንዴትን፣ መለየት ያስቸግራል። ከንግግር ጀርባ ያለውን ሐሳብ መያዝም እንዲሁ። እኛ ዘንድ እንግዳ «አይ፣ በልቼ ነው የመጣሁት» ሲል ይሉኝታ መሆኑን አስተናጋጁ ያውቃል፤ «በሞቴ» ብሎ ያጎርሰዋል። ሕመሙ ያለበት ሰው ግን ቃሉን እንዳለ ሊወስደው ይችላል። አንዳንዱ በጥቂት መረጃ ፈጥኖ ይደመድማል፤ ጓደኛው ሰላም ሳይለው ካለፈ ጠልቶኛል ይላል። በሥራና በጓደኝነት ለመዝለቅ ይህ ችሎታ ከማስታወስ ባላነሰ ይወስናል።

የሳይኮሲስ መድኃኒት ለዚህ ብዙ አይረዳም። የመንቀጥቀጥና የመገታተር ጎንዮሽ ጉዳትን ለመቀነስ አብሮ የሚታዘዘው ትራይሄክሲፌኒዲል ደግሞ የማስታወስ ችሎታን ሊያዳክም ይችላል። በራስ ፈቃድ ማቆም አይገባም፤ ሐኪሙን መጠየቅ ግን ተገቢ ነው። የተሻለ ውጤት ያለው በአሠልጣኝ የሚመራ የማሰብ ልምምድ ነው፤ ከሥራ ወይም ከትምህርት ድጋፍ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይሠራል። የሰውነት እንቅስቃሴም ያግዛል። ሕክምናን ቶሎ መጀመሩ ወሳኝ ነው። በአውስትራሊያ ሜልበርን እ.ኤ.አ. በ1992 በአእምሮ ሐኪሙ ፓትሪክ ማክጎሪ መሪነት የተጀመረው፣ ሳይኮሲስን ገና ሲጀምር የሚያክም አገልግሎት ለብዙ አገሮች አርአያ ሆኗል።

በኢትዮጵያ በቡታጅራ አካባቢ እ.ኤ.አ. ከ1998 ጀምሮ ከ68 ሺህ በላይ ሰዎች ተጠይቀው ስኪዞፍሬንያ፣ ማለትም ለረጅም ጊዜ የሚዘልቅ የሳይኮሲስ ዓይነት፣ ያለባቸው ተለይተው ነበር። አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም። የማሰብ ችሎታን መለካትም የራሱ ጣጣ አለው። ፈተናዎቹ በብዛት የተሠሩት ለተማረ ሰው ነው፤ እርሳስ ይዞ የማያውቅ ገበሬ ሳይታመምም ዝቅተኛ ውጤት ሊያመጣ ይችላል።

እቤት ውስጥ አንድ ነገር በአንድ ጊዜ መናገር፣ ቀጠሮና መድኃኒትን ግድግዳ ላይ ጽፎ መለጠፍ፣ የከፋንን በአሽሙር ሳይሆን በግልጽ መንገር ዛሬውኑ ይቻላል።