ማንግሮቭ ተከላ ምንድን ነው?

«ባሕር ላይ ችግኝ ይተከላል» ሲባል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው «ጨው አይገድለውም ወይ?» ብሎ ነው። ልክ ነው፣ አብዛኛውን ዛፍ ይገድለዋል። ማንግሮቭ ግን ጨውን ችሎ ይኖራል።

ማንግሮቭ የሚበቅለው በሞቃት አገሮች የባሕር ዳርቻ፣ ውሃው እየመጣ በሚሸሽበት ጭቃ ላይ ነው። በቀይ ባሕር ዳር በብዛት ያለው ዝርያ ጨውን በቅጠሉ ላይ እንደ ላብ ያወጣዋል። ቅጠሉን ላስ ብታደርጉት ጨው ጨው ይላል። ሥሩ ደግሞ ጉድ ነው። ጭቃው ውስጥ አየር ስለማይገኝ እንደ እርሳስ ቀጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወጥቶ ይተነፍሳል። በሥሮቹ መሐል የዓሣና የሽሪምፕ (ሰው የሚበላት ትንሽ የባሕር እንስሳ) ጫጩቶች ይደበቃሉ፤ ኃይለኛ ሞገድም እዚያ ሲደርስ ጉልበቱ ይበርዳል። ዛፉ ለማገዶ ወይም ለሽሪምፕ ማርቢያ ኩሬ ሲመነጠር ይህ ሁሉ አብሮ ይሄዳል። ያንን ለመመለስ የሚደረገው ሥራ ነው ማንግሮቭ ተከላ የሚባለው።

ቅርባችን ያለው ምሳሌ ከምጽዋ ጥቂት ራቅ ብላ የምትገኘው ሕርጊጎ ናት። ጎርደን ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ አሜሪካዊ ሳይንቲስት አንድ ነገር ልብ አለ፦ በኤርትራ ዳርቻ ማንግሮቭ የሚበቅለው የክረምት ጎርፍ ወደ ባሕር በሚገባበት ቦታ ነው። ለምን? ብዙ ሰው «ጨው ያልበዛበት ውሃ ስለሚያገኝ» ይል ይሆናል። ሳቶ ግን ነገሩ ውሃው ሳይሆን ውሃው ይዞት የሚመጣው ነው አለ፦ ናይትሮጅን፣ ፎስፎረስና ብረት።

ስለዚህ ምን አደረገ? ዩሪያና ዳፕ! ገበሬዎቻችን በስም የሚያውቋቸው ማዳበሪያዎች። ቀዳዳ ባላት ትንሽ ላስቲክ ታሽገው ከችግኙ ሥር ተቀበሩ፤ ብረትም ተጨመረ። ማዳበሪያው በአንዴ ታጥቦ አይሄድም፣ ቀስ እያለ ነው የሚወጣው። ባዶ በነበረው ዳርቻ ዛፍ በቀለ። ተከላውን የሠሩት የመንደሩ ሰዎች ናቸው፤ ቅጠሉም ለፍየልና ለበግ መኖ ሆነ። ሳቶ ፕሮጀክቱን «ማንዛናር» ብሎ የሰየመው በ2ኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ በልጅነቱ ከቤተሰቡ ጋር በታጎረበት ካምፕ ስም ነው።

ሁሉም ቦታ ግን እንዲህ አልተሳካም። ችግኝ ተከላ ላይ ወጥቶ የሚያውቅ ሰው «ስንት ተተከለ?» እና «ስንት ጸደቀ?» የተለያዩ ጥያቄዎች መሆናቸውን ያውቃል። ፊሊፒንስ ውስጥ ብዙ ችግኝ የሞተው ዝርያው ከቦታው ጋር ስላልተስማማ፣ ወይም ድሮም ማንግሮቭ በቅሎበት በማያውቅ፣ ውሃ ረጅም ሰዓት በሚተኛበት ሜዳ ላይ ስለተተከለ ነው። አንዳንዶቹ የተተከሉት የባሕር ሣር ላይ ነበር። አንዱን ለማዳን ሌላውን መግደል ይሏል ይሄ ነው።

አንዳንዴ ጭራሽ መትከልም አያስፈልግም። ፍሎሪዳ ውስጥ የተዘጋ የውሃ መንገድ ተከፍቶ፣ የመሬቱ ከፍታ ተስተካክሎ፣ ማንግሮቩ ራሱ የመጣባቸው ቦታዎች አሉ። ዘሩ ገና ዛፉ ላይ እያለ ማቆጥቆጥ ይጀምራል። ይወድቃል፣ ይንሳፈፋል፣ ከዚያ ውሃው ያሳረፈው ጭቃ ላይ ሥር ይሰዳል።