ተክሉ የሚቆጥረው ጨለማውን ነው፦ ስለ ማበብና ስለ መድረስ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ቤት ውስጥ በመብራት ተክል የሚያሳድግ ሰው ሁሉ ሁለት ነገር ይጠይቃል። መቼ ነው የሚያብበው? መቼስ ነው ደረሰ የምለው? ምክር ደግሞ ሞልቷል። አንዱ «12 ሰዓት መብራት አድርገው» ይላል። ሌላው የዘር ፓኬቱ ላይ ያለውን ቀን ቁጠር ይላል። ሦስተኛው ቅጠሉ ቢጫ ከሆነማ አለቀ፣ ደርሷል ይላል። ግማሹ ምክር ለአንድ ዓይነት ተክል እውነት የሆነ ነገር ለሁሉም ሲለጠፍ ነው። ግማሹ ግን ከመጀመሪያውም እውነት አልነበረም።

«ተክል ለማበብ የብርሃኑን ሰዓት ይቆጥራል»

ነገሩ የተጀመረው በትምባሆ ነው። ጋርነርና አላርድ የሚባሉ የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር ተመራማሪዎች ሜሪላንድ ማሞዝ የተባለ የትምባሆ ዝርያ ግራ ገባቸው። ቀኑ ረጅም በሆነበት ወራት ይህ ትምባሆ ቁመቱን ብቻ እየጨመረ ይሄዳል፣ አበባ ግን ወፍ የለም። ቀኑ ባጠረበት በቅዝቃዜው ወራት ግሪንሃውስ ውስጥ ሲያሳድጉት ደግሞ ያብባል። ሌላ ሌላውን ምክንያት ሁሉ ፈትሸው ሲያበቁ ተክሎቹን በየቀኑ ለተወሰነ ሰዓት ጨለማ ክፍል እያስገቡ ሞከሩና መልሱ ተገኘ፦ የቀን ርዝመት። ይህን በ1920 እ.ኤ.አ. አሳተሙ።

እዚህ ላይ የሚያቆም ሰው ግን ግማሹን ነው የሚያውቀው። በ1938 እ.ኤ.አ. ሃምነርና ቦነር ዛንቲየም በሚባል አረም ላይ፣ ልብስ ላይ የሚጣበቅ እሾሃማ ፍሬ ያለው ነው፣ ሌላ ሙከራ አደረጉ። ረጅሙን ሌሊት መሐል ላይ ለአጭር ጊዜ መብራት ሲያበሩበት አላብብም አለ። ቀኑን በጨለማ ሲያቋርጡበት ግን ምንም አልመሰለውም። ስለዚህ አጭር ቀን ይፈልጋል የምንለው ተክል በትክክል የሚፈልገው ያልተቋረጠ ረጅም ጨለማ ነው።

«ትንሽ ብርሃን ቢገባ ምን ችግር አለው?»

እንደ ተክሉ ነው። ቅጠል ውስጥ ፋይቶክሮም የሚባል ብርሃን ተቀባይ ፕሮቲን አለ። ይህ ፕሮቲን ለቀይ ብርሃን፣ 660 ናኖሜትር አካባቢ ላለው፣ ቶሎ ምላሽ ይሰጣል። ቀይ ብርሃን አንድ ቅርጽ ይሰጠዋል፣ 730 ናኖሜትር አካባቢ ያለው ሩቅ ቀይ (far-red) ደግሞ ወደ ሌላው ይመልሰዋል። በሌሊት መሐል የበራ ቀይ ወይም ነጭ መብራት ለተክሉ «ሌሊቱ አጭር ነበር» ብሎ እንደመንገር ነው።

ክሪሳንተመም የሚያመርቱ ሰዎች ይህንን ሆን ብለው ይጠቀሙበታል። አበባው ቶሎ እንዳይመጣ ሲፈልጉ ሌሊት ላይ መብራት ያበራሉ፣ እንዲመጣ ሲፈልጉ በጥቁር ሸራ ይሸፍኑታል። ፖይንሴቲያ የሚባለው ላይኛው ቅጠሉ የሚቀላ የጌጥ ተክል በየሌሊቱ 14 ሰዓት ገደማ ድቅድቅ ጨለማ፣ ያውም ለ8 እስከ 10 ሳምንት ይፈልጋል። ሳሎን ውስጥ አስቀምጠኸው ማታ ማታ መብራት እያበራህ «ለምን አይቀላም» ብትለው አይሰማህም።

በነገራችን ላይ «አረንጓዴ መብራት ተክል አያየውም» የሚባለውም ሙሉ እውነት አይደለም። ፋይቶክሮም አረንጓዴንም በመጠኑ ይቀበላል። ደብዘዝ ያለ አረንጓዴ መብራት ለአፍታ ማብራት ብዙ ላይጎዳ ይችላል፣ ደማቅ አረንጓዴ ለረጅም ሰዓት ማብራት ግን ሌላ ጉዳይ ነው።

«ሁሉም ተክል ለማበብ 12 ሰዓት ብርሃን፣ 12 ሰዓት ጨለማ ያስፈልገዋል»

ይህ ከአንድ ሰፈር ወጥቶ በሁሉም ቤት የገባ ወሬ ነው። ቲማቲምና ኪያር ለቀኑ ርዝመት ግድ የላቸውም፤ እድሜያቸው ሲደርስ ያብባሉ። ስፒናችና ሰላጣ ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፣ ቀኑ ሲረዝም ነው አገዳ አውጥተው ለማበብ የሚሮጡት። ቅጠላቸውን ለሚበላ ሰው ያ ኪሳራ ነው። ሽንኩርት ውስጥ ደግሞ የቀን ርዝመቱ የሚወስነው አበባውን ሳይሆን ኮረቱን ነው። አንዳንዱ ዝርያ 12 ሰዓት ቀን ሲያገኝ ኮረት መሥራት ይጀምራል፣ አንዳንዱ 14 ሰዓትና ከዚያ በላይ ካላገኘ ቅጠል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ግድ የላቸውም ማለት ግን 24 ሰዓት ሙሉ አብራባቸው ማለት አይደለም። ቲማቲም ያለ እረፍት ከበራበት ቅጠሉ ቢጫ እየሆነ ይጎዳል፣ ይህ በደንብ የታወቀ ነገር ነው።

«በራሱ የሚያብብ ካናቢስ በላቦራቶሪ የተፈጠረ ነው»

ኦቶፍላወር ስለሚባለው ነገር ብዙ ስለሚወራ እሱንም እንየው። (ካናቢስ በብዙ አገር የተከለከለ ነው። ሄምፕ የሚባለው አደንዛዥነት የሌለው ዓይነቱ እንኳ በብዙ ቦታ ያለ ፈቃድ አይዘራም። እዚህ የምናወራው ስለ ተክሉ ጠባይ ነው።)

አብዛኛው ካናቢስ እንደ ክሪሳንተመም ረጅም ሌሊት ጠባቂ ነው። ነገር ግን ወደ ሰሜን በጣም ሲኬድ በበጋቸው ሌሊቱ አጭር ነው፣ ረጅሙ ሌሊት ሲመጣ ደግሞ ውርጩም አብሮ ይመጣል። እዚያ ረጅም ሌሊት እጠብቃለሁ ያለ ተክል ዘር ሳያፈራ ይሞታል። ስለዚህ ሌሊቱን ሳይጠብቅ በእድሜው የሚያብበው ተረፈ። ያኒሼቭስኪ የሚባል ሩሲያዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ይህንን አጭርና ቶሎ የሚያብብ የዱር ዓይነት በ1924 እ.ኤ.አ. ሩደራሊስ ብሎ ገለጸው። ራሱን የቻለ ዝርያ ነው ወይስ የዚያው የካናቢስ ሳቲቫ አንዱ መልክ ነው በሚለው ላይ የዕፅዋት ሊቃውንት እስካሁን አልተስማሙም። ፊኖላ የሚባለው ከፊንላንድ የወጣ የዘይት ሄምፕም በዚሁ ጠባዩ ነው የሚታወቀው።

አሁን ገበያ ላይ ያሉት ከዚህ ጠባይ ጋር በተለመደው ማዳቀል የመጡ ናቸው። ጠባዩ በአብዛኛው ድብቅ ነው፣ ማለትም ከእናትም ከአባትም ካልመጣ አይገለጥም። ለዚህ ነው ኦቶፍላወርን ከተለመደው ጋር ሲያዳቅሉ የመጀመሪያው ትውልድ ሌሊት ጠባቂ ሆኖ የሚወጣውና፣ እነዚያን እርስ በርስ ሲያዳቅሉ ከአራት አንዱ አካባቢ እንደገና ኦቶ የሚሆነው።

«ዘሩን ወይም ቅጠሉን አይቼ ኦቶ መሆኑን አውቃለሁ»

አታውቅም። ትንሽ ዘር፣ ጠቆር ያለ ዘር፣ ቀጭን ቅጠል፣ አጭር ቁመት፣ ሁሉም ከዝርያ ዝርያ ይለያያል። ቁመት ደግሞ በማሰሮ ጥበትም፣ በመብራት ቅርበትም ያጥራል። በዓይን የሚታይ ማስረጃ አንድ ብቻ ነው፦ ሌሊቱ አጭር ሆኖ ሳለ፣ ለምሳሌ 18 ሰዓት ብርሃን እያገኘ፣ ተክሉ ጫፉ ላይ የአበባ ዘለላ መሥራት ጀመረ ወይስ አልጀመረም?

እዚህ ጋ ብዙ ሰው የሚወድቅበት ጉድጓድ አለ። ሌሊት ጠባቂው ካናቢስ ራሱ እድሜው ሲገፋ፣ ረጅም ቀን ላይ እያለም፣ ቅጠሉ ከግንዱ በሚገናኝበት ቦታ አንድ አንድ ነጠላ አበባ ያወጣል። ነጭ ክር የመሰለ ነገር ከታየ ሴት ናት፣ ትንሽ ኳስ የመሰለ ነገር ከሆነ ወንድ። ሰው ይህንን ሲያይ «በቃ አበበ፣ ኦቶ ነው» ይላል። አይደለም። ተክሉ ለአካለ መጠን ደርሷል ማለት ብቻ ነው። ዘለላ ሳይሠራ በነጠላ አበባ ብቻ ሳምንታት ከቆየ ሌሊት ጠባቂ ነው ብለህ አስብ። ኦቶው ግን በአብዛኛው ከበቀለ ከ3 እስከ 5 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጀምርና አይቆምም።

«ፓኬቱ ላይ ያለው ቀን ሲሞላ ደርሷል»

ከየት ጀምሮ ነው የምትቆጥረው? የቲማቲምና የቃሪያ ፓኬት ላይ ያለው ቀን ብዙ ጊዜ የሚቆጠረው ችግኙ ከተዛወረበት ቀን ነው። የካሮት ግን ከተዘራበት ነው። ይህን ሳያውቁ ቲማቲምን ከዘር ጀምሮ የሚቆጥሩ ሰዎች ስንት ሳምንት ዘገየብኝ ብለው ይጨነቃሉ፣ ተክሉ ግን ምንም አልሆነም።

ደግሞ ተክል ቀን መቁጠሪያ የለውም፣ የሚያከማቸው ሙቀት ነው። ቲማቲም ከ10 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች እድገቱ የቆመ ያህል ነው። 18 ዲግሪ ባለው ክፍልና 25 ዲግሪ ባለው ክፍል ያለው ያው ቲማቲም እኩል ቀን አይደርስም። ፓኬቱ የሰጠህ ግምት ነው፣ ቀጠሮ አይደለም።

በእድሜው የሚያብብ ተክል ላይ ሌላም ነገር አለ። መጀመሪያ ላይ ሥሩ ቢጎዳ ወይም ውሃ ቢጠማው ሰዓቱን አያቆምልህም። ትንሽ እንደሆነ ያብባል። ሌሊት ጠባቂውን ግን ሌሊቱን አጭር አድርገህ እስኪያገግም ማቆየት ትችላለህ።

«ቅጠሉ ቢጫ ሆነ፣ ስለዚህ ደርሷል»

አንዳንዴ እውነት ነው፣ ብዙ ጊዜ አይደለም። የትኛው ቅጠል እንደሆነ እይ። ናይትሮጅን ሲያጥር ተክሉ ከአሮጌው ወስዶ ለአዲሱ ስለሚሰጥ ቢጫው ከታች ይጀምራል። ብረት ሲያጥር ግን ከቦታው ስለማይንቀሳቀስ ቢጫ የሚሆነው ላይኛው አዲስ ቅጠል ነው፣ ያውም ደም ሥሩ አረንጓዴ ሆኖ ይቀራል። ውሃ የበዛበት ሥርም ቅጠሉን ቢጫ ያደርገዋል። ፍሬ ወይም ዘር እየሞላ ያለ ተክል የታች ቅጠሉን ቢጥል ግን ያን ያህል አትደንግጥ፣ ናይትሮጅኑን ወደ ዘሩ እየወሰደው ነው።

«ቀለሙ ተቀይሯል፣ በቃ»

ቲማቲም ላይ ቀለም ጥሩ ምልክት ነው፣ ግን ሁለት ወጥመድ አለው። አንደኛ፣ ታችኛው ጫፉ ላይ ሮዝ ነገር ብቅ ካለ በኋላ ቢቀጠፍም መብሰሉን ይቀጥላል፣ ኤቲሊን የሚባለውን ፍሬ የሚያበስል ጋዝ ራሱ ያመርታልና። ሁለተኛ፣ ክፍሉ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ቀዩን ቀለም የሚሰጠው ላይኮፒን በደንብ አይሠራም፤ የበሰለው ቲማቲም ብርቱካንማ እንደሆነ ሊቀር ይችላል። ቀይ እስኪሆን እጠብቃለሁ ያለ ሰው ይጠብቃታል። ቃሪያ ደግሞ እንደ ቲማቲም አይደለም፣ ገና አረንጓዴ ሆኖ ከተቀጠፈ ከግንዱ ውጭ በቅጡ አይቀላም።

ፖይንሴቲያም ያታልላል። ቀዩ አበባው አይደለም፣ ቅጠል ነው። እውነተኛዎቹ አበቦች መሐል ላይ ያሉት ቢጫ ትንንሽ ነገሮች ናቸው። እነሱ ገና ጥብቅ ካሉ ተክሉ ትኩስ ነው፤ ቢጫ ዱቄታቸውን በትነው ካበቁ ቀዩም ብዙ አይቆይም።

ሄምፕ ላይ ደግሞ ነጫጮቹ ክሮች ቡናማ ሲሆኑ «ደረሰ» የሚል አለ። እነዚያ ክሮች የአበባ ብናኝ ሲያገኛቸው ይጠወልጋሉ። ሲነኩም ይጠወልጋሉ፣ አየሩ ሲደርቅም፣ እንዲሁ ሲያረጁም። ስለዚህ ለዘር የሚያመርተው ገበሬ ክሩን ትቶ ዘሩን ነው የሚያየው። ዘሩን የከበበው ትንሽ ቅጠል መከፈት ሲጀምር፣ ዘሩ በጥፍር ሲጫኑት የማይሰረጉድ ሲሆንና ግራጫ ቡናማ ሆኖ ዝንጉርጉር ሲል ደርሷል። ዘሩ ከዘለላው ታች ወደ ላይ ስለሚበስል ሁሉም እኩል አይደርስም። 70 በመቶው ገደማ ሲበስል ያጭዳሉ፣ የላይኛውን እስኪጠብቁ የታችኛው ይረግፋል፣ ወይ ወፍ ይቀድማቸዋል። ወንዱ ተክልማ ብናኙን በትኖ ሲጨርስ ራሱ ደርቆ ይሞታል፣ እሱን አይቶ «ማሳው ደረሰ» ያለ ሰው ሴቶቹ ላይ ገና ጥሬ ዘር ነው የሚያገኘው።