«እጅ ሲበዛ ሸክሙ አይከብድም»፦ የሄይቲዎች አባባልና ትርጓሜው

ሄይቲዎች ለአንድ ሰው የማይቻል ሥራ ሲገጥም «ሜን አንፒል፣ ሻይ ፓ ሉ» ይላሉ። ቃል በቃል «እጅ ብዙ፣ ሸክም ከባድ አይደለም» ማለት ነው። ለአማርኛ ተናጋሪ ወዲያው ትዝ የሚለው «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» ነው፤ ዝምድናቸውም ግልጽ ነው። ሆኖም ልዩነታቸውን ያላየ ሰው የሄይቲውን አባባል የሚረዳው በግማሹ ነው። በእኛው ሎሚው ይከፋፈልና ሁሉም የየራሱን ይዞ ይሄዳል። በእነሱ ግን ሸክሙ እንዳለ አንድ ነው፤ የሚበዛው ከሥሩ የሚገባው እጅ ነው። ያም እጅ እንዲያው የተገኘ አይደለም። ዛሬ ላንተ መጥቶ ነገ ያንተን የሚጠብቅ፣ ብድር ያለበት እጅ ነው።

መጀመሪያ ቃላቱን እንያቸው። ሁሉም ሥረ መሠረታቸው ፈረንሳይኛ ነው፤ የቆሙት ግን በሄይቲ ክሪዮል ሰዋስው ነው። «ሜን» እጅ ነው፤ መጨረሻው ላይ ያለው «ን» በአፍንጫ ይወጣል እንጂ ምላስ አይረግጠውም። «አንፒል» ብዙ ማለት ሲሆን «በክምር» ከሚል የፈረንሳይኛ አነጋገር የመጣ ነው። «ሻይ» የምንጠጣው አይደለም፤ ሸክም፣ ጭነት ነው። «ፓ» ማፍረሻ ነው፤ «ሉ» ደግሞ ከባድ። በዓረፍተ ነገሩ ውስጥ «ነው» የሚል ቃል የለም፤ ክሪዮል ከቅጽል ፊት አያስፈልገውም። በዚህም ምክንያት አባባሉ ሦስት ቀለም በሦስት ቀለም ሆኖ ይወጣል፦ ሜን-አን-ፒል፣ ሻይ-ፓ-ሉ። አንድ ጊዜ ጮክ ብሎ ያለው ሰው ዶማ ከፍ ሲልና ሲወርድ ይሰማዋል።

ዶማው ያለ ምክንያት አልመጣም። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ሄይቲ በጃንዋሪ 1, 1804 ነፃነቷን ስታውጅ፣ ከባርነት የወጣው ሕዝብ ወደ ሸንኮራ እርሻው መመለስ አልፈለገም። መሪዎቹ በትላልቅ እርሻዎች ላይ ሊያቆዩት ቢሞክሩም እሱ የመረጠው በተራራው ላይ የራሱን ትንሽ መሬት ነው። ቀጥ ባለ ተዳፋት ላይ በበሬ ማረስ አይሆንም፤ መሣሪያው ዶማና ገጀራ ነው። ዝናቡም ጊዜ አይሰጥም። በመጀመሪያው ዝናብ መሬቱ ሲለሰልስ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተቆፍሮ ካልተዘራ ወቅቱ ያልፋል። አባወራው ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር ሆኖ ሳምንታት የሚፈጅበትን ሥራ በእነዚሁ ጥቂት ቀናት መጨረስ አለበት። ሸክም የሚባለው ይኸው ነው፤ የሚያቀልለው ደግሞ ኮንቢት።

ኮንቢት ደቦ ነው ቢባል ስህተት የለውም። የቃሉን ምንጭ ብዙዎች «ግብዣ» ከሚል የስፔን ቃል ጋር ያያይዙታል። አሠራሩ ግን ዛሬ ቤኒን በምትባለው በቀድሞዋ ዳሆሜ የነበረውን ዶክፕዌ የተባለ የሥራ ማኅበር ይመስላል፤ ከሄይቲ ሕዝብ አያቶች ብዙዎቹ ከዚያ አካባቢ በግድ የተወሰዱ ናቸው። ባለ ማሳው ቀደም ብሎ በየጎረቤቱ እየዞረ ይጠራል። ዕለቱ ሲደርስ ገና ሳይነጋ ላንቢ ይነፋል፤ ላንቢ ትልቅ የባሕር ዛጎል ነው፣ ጫፉ ተቆርጦ እንደ መለከት ይነፋል፣ ድምፁም ከሸለቆ ሸለቆ ይሻገራል። ሠራተኞቹ በተዳፋቱ ላይ ትከሻ ለትከሻ አንድ መስመር ይሠራሉ። ከበሮው ይመታል፤ ሲሚዶ የሚባለው አቀንቃኝ ያወጣል፣ መስመሩ ይቀበላል፣ ዶማዎቹም በምቱ አብረው ይወርዳሉ። ዜማው ለጨዋታ ብቻ አይደለም። መስመሩ እኩል እንዲሄድ ያደርጋል፤ አንዱ ቀድሞ ሌላው ከዘገየ በመካከል ያልተቆፈረ መሬት ይቀራል፣ የጎን ለጎን ሰው ዶማም እግር ያገኛል። ሰነፉም ሆነ ምግብ የሚሰስት ጠሪ በግጥሙ ውስጥ ይነሳል፤ ያ ግጥም ደግሞ ከማሳው ጋር አይቀርም፣ ወደ ሚቀጥለው ኮንቢት ይሄዳል።

ምግቡ የስምምነቱ ግማሽ ነው። በትላልቅ ድስቶች ከቀይ ቦሎቄ ጋር የተሠራ ሩዝ ወይም የበቆሎ ገንፎ ይቀርባል፣ ከተቻለም የፍየል ሥጋ፤ ክሌሬን የሚባለው የሸንኮራ አረቄም አለ። ኮንቢት የሚበላሸው ብዙውን ጊዜ እዚህ ላይ ነው። ለትንሽ ማሳ ብዙ ሰው የጠራ፣ ለምግብ ያወጣው ከአዝመራው ዋጋ ይበልጥበታል። አረቄውን ማለዳ ያዞረ፣ ከቀትር በኋላ ከአረሙ ጋር ቡቃያውም ሲጨፈጨፍ ያያል። በልቶ ያልመለሰ፣ ማለትም በሌላው ሰው ቀን ዶማውን ይዞ ያልተገኘ ደግሞ በሚቀጥለው ዓመት ላንቢውን ቢነፋም የሚመጣለት የለም።

ይህን ብድር አጥብቆ የሚቆጥር ሌላ ዓይነት ማኅበርም አለ፤ ኤስክዋድ ይባላል። ጥቂት ሰዎች ሆነው በየተራ አንድ ቀን በአንዱ ማሳ፣ አንድ ቀን በሌላው ይሠራሉ፤ ድግስ አይጠበቅም፣ የሚከፈለው ቀን በቀን ነው። ደቦንና ወንፈልን የሚለይ ገበሬ ኮንቢትንና ኤስክዋድን ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም።

እጅ ስለበዛ ብቻ ሸክም እንደማይቀል ሄይቲዎች በመራራ መንገድ አይተውታል። አሜሪካ ሄይቲን ከ1915 እስከ 1934 በያዘችበት ዘመን የባሕር ኃይል ወታደሮቿ አንድ የ1864 ሕግ አንስተው ገበሬውን እያስገደዱ መንገድ አሠሩት። ሰው ከቤቱ እየተወሰደ፣ አንዳንዴም በገመድ እየታሰረ ሠራ። እዚያ ላይ እጅ ሞልቶ ነበር፤ ግን ተራ የለውም፣ የሚመለስ ቀን የለውም። በዚህ የተቆጣው ገበሬ በሻርለማኝ ፔራልት መሪነት ተነሳ፤ ፔራልት በ1919 ተገደለ። አባባሉን «ብዙ ሠራተኛ ካለ ሥራ ይቀላል» ብሎ የሚተረጉም ሰው ይህን ግዳጅም ከኮንቢት ጋር አንድ ያደርገዋል። ፍቺው እንደዚያ ሊሆን አይችልም።

የእጅ ትርጉም ይበልጥ የሚፈካው ደግሞ ከማሳው ውጭ፣ በገንዘብ ላይ ነው። ሄይቲዎች ሶል የሚሉት እቁብ አላቸው፤ በብዙ ቦታ፣ በተለይም በውጭ ባሉት ዘንድ፣ ስሙ ራሱ «ሜን» ነው፤ እጅ። ተራም እንደዚሁ እጅ ይባላል፤ ሁለት ዕጣ የገባ ሰው «ሁለት እጅ አለኝ» ይላል። ሰብሳቢዋ ማንማን ሶል ናት፣ የሶል እናት። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 2,500 ጉርድ (የሄይቲ ገንዘብ ነው) ቢያዋጡ በየወሩ አንዱ 30,000 ይወስዳል፤ ወለድ የለም፣ በዓመቱ ሁሉም ይደርሰዋል። ቀድሞ የወሰደው ብድር አገኘ ማለት ነው፤ መጨረሻ ላይ የወሰደው ቆጠበ። አደጋው የሚመጣው ቀድሞ ከሚወስደው ሰው ስለሆነ ጠንቃቃ ማንማን ሶል አዲስ የገባን ሰው ከመጨረሻዎቹ ተራዎች ታስቀምጠዋለች። አንዱ ወስዶ ቢሰወር ጉድለቱን ከራሷ ኪስ ሞልታ ተራውን ታስቀጥላለች፤ አንድ ጊዜ ካዛነፈች ሁለተኛ ገንዘብ የሚያምናት አታገኝምና። የገበያ ሴቶች የዕለት ዕለት ሶልም አላቸው፤ ሳቦታይ ይሉታል።

በማያሚው ሊትል ሄይቲ፣ በብሩክሊን ፍላትቡሽ፣ በሞንትሪያል የሚኖረው ሄይቲያዊ ዶማውን ትቶ ሄዷል፤ እጁን ግን ይዞታል። ሃያ ሰዎች በሳምንት 100 ዶላር ሲጥሉ የሚደርሰው 2,000 ዶላር ለአንዱ የቤት ኪራይ መያዣ፣ ለሌላው አገር ቤት ላለች እናቱ ጣራ ይሆናል። ከውጭ ወደ ሄይቲ የሚላከው ገንዘብ በዓመት ከ3 ቢሊዮን ዶላር በላይ ነው። ሄይቲ ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር በነበሯት ጊዜ በውጭ ያለው ሕዝብ «አሥረኛው ክፍለ ሀገር» ይባል ነበር፤ በ2003 ኒፕ አሥረኛ ሆና ስትቆረቆር ዲያስፖራው አሥራ አንደኛ ሆነ። እንዲህ ተቆጥሮ መጠራት ትልቅ ነገር ነው፤ ከኮንቢቱ መስመር አልወጣህም እንደ መባል ነው።

ሁለቱ መስመሮች፣ የማሳውና የዲያስፖራው፣ በዓይን ታይተው የተገናኙት በ2023 ነው። በሰሜን ምሥራቅ፣ ዋናመንት ከተማ አጠገብ፣ ማሳክር ከተባለው የድንበር ወንዝ ውሃ ወደ ማሪባሩ ሜዳ የሚወስድ ቦይ ተጀምሮ ቆሞ ነበር። የአካባቢው ገበሬዎች ቁፋሮውን ራሳቸው ቀጠሉት። ዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሥራውን ተቃውማ በሴፕቴምበር 15 ድንበሯን ዘጋች። ወንዙ በ1937 በዶሚኒካኑ አምባገነን በትሩሂዮ ትእዛዝ በሺዎች የሚቆጠሩ ሄይቲዎች የተገደሉበት አካባቢ ስለሆነ ነገሩ ከውሃ በላይ ሆነ። ግንበኛው፣ መሐንዲሱ፣ ተማሪው መጣ፤ ሲሚንቶ የሚያመጣ አመጣ፤ ሴቶች ድስት ጣዱ፤ በውጭ ያለው ገንዘብ ላከ። መፈክሩ «ቦዩ አይቆምም» የሚል ነበር፤ በየሰው አፍ ደግሞ ኮንቢት የሚለው ቃል ተመለሰ።

አጠቃቀሙን በተመለከተ አንድ ነገር ልብ ይባል። አባባሉ የመጋበዣ ቃል ነው፤ የሚያምርበትም ተናጋሪው እጁን ሲያስገባ ነው። ከእሱ ጋር የሚደባለቀው «አንድ ጣት ብቻውን ባሚያ አይበላም» የሚለው ነው፤ ባሚያ ያሟልጫል፣ በእጁ የሚበላ ሰው ያውቀዋል። ይህ የጣቱ አባባል ግን የሚነገረው «ብቻዬን እችለዋለሁ» ብሎ እርዳታ ለሚመልስ ሰው ነው። ተቀምጦ ሌላውን «ሜን አንፒል» እያለ ለሚያሠራ ደግሞ ሌላ መልስ አለ፦ «ቡሪክ ትራቫይ፣ ሽዋል ጋሎኔን»፤ አህያዋ ትሠራለች፣ ሸልማቱን ፈረሱ ይለብሳል።