ሊስ ፌሪ፦ ግድብ የወለደው የትራውት ወንዝ

ሊስ ፌሪ በአሜሪካ፣ በሰሜን አሪዞና የሚገኝ የጀልባ መነሻ ነው። አስጋሪዎች ግን ከዚያ ተነሥቶ እስከ ግሌን ካንየን ግድብ ያለውን 25 ኪሎ ሜትር ያህል የኮሎራዶ ወንዝ በሙሉ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ትራውት የተባለውን የቀዝቃዛ ውኃ ዓሣ በሰው ሠራሽ ዝንብ፣ ማለትም ነፍሳት በሚያስመስል መንጠቆ፣ ለሚያሰግሩ ሰዎች ስመ ጥር ቦታ ነው፤ ዝናውን ያገኘው ግን ከተፈጥሮ ሳይሆን ከሲሚንቶ ነው። «ኮሎራዶ» በስፓኝኛ ቀላ ያለ ማለት ነው። ወንዙ በሐምሌ የሚሞቅ፣ ደለል የተሸከመ ቀይ ጎርፍ ስለነበር ለትራውት አይመችም ነበር።

በ1963 (እ.ኤ.አ.፤ ቀጥሎ ያሉትም እንዲሁ) የግድቡ በሮች ሲዘጉ ደለሉ ግድቡ በፈጠረው ፓወል ሐይቅ ውስጥ ቀረ። ሐይቁ ሲሞላ ኤሌክትሪክ የሚያመነጩት ተርባይኖች ውኃ የሚቀበሉት ከገጹ 70 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ነው፤ ስለዚህ በበረሃው መካከል ጥርት ያለ ቀዝቃዛ ውኃ ይወርድ ጀመር። በ1964 ቀስተ ደመና ትራውት ተለቀቀበት። ይህ ዓሣ ከኬንያ መጥቶ በባሌ ተራሮች ወንዞችም ይኖራል፤ እዚያ ቅዝቃዜውን የሰጠው ግን የተራራው ከፍታ ነው።

እዚህ ትራውቱ በብዛት የሚበላው የትንኝ እጭ ነው። ስለዚህ ዝንቧም ከሩዝ ፍሬ ታንሳለች፦ በጥቁር ክር የተጠቀለለች፣ ቀጭን የብር ሽቦ የዞረባት፣ አናቷ ላይ ዶቃ ያላት። አስጋሪው እስከ ደረት የሚደርስ ውኃ የማያስገባ ልብስ ለብሶ ጠጠሩ ላይ ይቆምና ክሩን ከነተንሳፋፊ ምልክቱ ውኃው ወደሚመጣበት አቅጣጫ ይወረውራል። ጥበቡ ከዚህ በኋላ ነው። ዝንቧ የታሰረች ሳትመስል ከጅረቱ ጋር እኩል መውረድ አለባት፤ ክሩ ጥቂት ከጎተታት ዓሣው ዞር ብሎም አያያትም።

የወንዙን ከፍታ የሚወስነው የኤሌክትሪክ ገበያ ነው። ፍላጎት ሲጨምር ውኃው ይሞላል፣ ሲቀንስ ይጎድላል። ነፍሳቱ እንቁላላቸውን የሚጥሉት ውኃው ዳር ስለሆነ፣ ሲጎድል እንቁላሉ ደረቅ ላይ ይቀራል። ከ2018 እስከ 2020 በሞቃቱ ወራት ቅዳሜና እሁድ ውኃው ዝቅ ብሎ ሳይዋዥቅ እንዲፈስ የተሞከረው ለዚህ ነበር። ለትንኝ ሲባል ግድብ ሰንበት ማክበሩ ነው!

የወንዙ ነባር ነዋሪ ግን ትራውት ሳይሆን ጎባጣው ቸብ የተባለው ዓሣ ነው። ሌላው የትራውት ዓይነት፣ ቡናማው ትራውት፣ ቸቡን ስለሚበላ፣ የአገሪቱ ብሔራዊ ፓርኮች አገልግሎት በ2020 አንዱን ቡናማ ትራውት ይዞ ለሚያስረክብ ሰው ቢያንስ 25 ዶላር መክፈል ጀመረ። በድርቁ ሐይቁ ሲወርድ ደግሞ የሚለቀቀው ውኃ ሞቀ፤ በ2022 ሙቀት ወዳድና በላተኛ የሆነው ባስ የተባለ ዓሣ ከግድቡ በታች ሲራባ ተገኘ። በ2024 ባሱን ለመግታት ከሐይቁ ጥልቅ ክፍል ቀዝቃዛ ውኃ በተርባይኖቹ ሳያልፍ ተለቀቀ። ያ ውኃ ያመነጭ የነበረው ኤሌክትሪክ ቀረ፤ ወንዙ ቀዘቀዘ።