ሲንቀጠቀጥ ወደ ደረጃው አትሩጡ
የሕንፃ መሐንዲስ ነኝ፤ የምኖረውም ዘጠነኛ ፎቅ ላይ ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያሰጋው አካባቢ ፎቅ ላይ ቤት የገዛ ሰው ሁሉ አንድ ነገር ይነግረኛል፦ «ከተንቀጠቀጠ በደረጃው ሮጬ እወርዳለሁ።» መስማቱ ሰልችቶኛል።

ኃይለኛው ንቅናቄ ብዙ ጊዜ ከአንድ ደቂቃ በታች ነው የሚቆየው። እኔ መሬቱ ረግቶ፣ መብራት በርቶ፣ ከቤቴ እስከ ምድር ቤት ለመውረድ ሁለት ደቂቃ ይፈጅብኛል። ስለዚህ የሚሮጥ ሰው ክፉውን ሰዓት የሚያሳልፈው ደረጃው ላይ ነው። ሕንፃ ሲወዛወዝ ደግሞ ላይኛው ወለል ከታችኛው ይበልጥ ወደ ጎን ይሄዳል። ሁለቱን የሚያገናኘው ደረጃ መሃል ላይ ይገፋል፣ ይጎተታል። እ.ኤ.አ. በ2011 ኒውዚላንድ፣ ክራይስትቸርች ውስጥ አንድ ባለ 18 ፎቅ የቢሮ ሕንፃ ራሱ ቆሞ ደረጃዎቹ ተደረመሱ። ላይ ከቀሩት ሰዎች ውስጥ በክሬን የወረዱ አሉ።

እኛም ሕንፃ አንዴ ነቅነቅ ሲያደርገን የስድስተኛ ፎቅ ጎረቤቴ ልጇን አቅፋ ሮጠች። ግድግዳው ላይ አንድ ስንጥቅ አልወጣም። እሷ ግን ሦስተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ወደቀች። ልጁን ላለመልቀቅ ክንዷን ከሥር አድርጋ ስለነበር እጇ ተሰበረ። አንድ እግር ነጠላ ጫማዋን እዚያው አገኘሁት።

ባላችሁበት ዝቅ በሉ፣ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ግቡ፣ እግሩን ያዙ። አልጋ ላይ ከሆናችሁ እዚያው በደረታችሁ ተኝታችሁ ራሳችሁን በትራስ ሸፍኑ። የምትወርዱት ሲቆም ነው።

የበር መቃን ሥር መቆም? አያድንም፤ እርሱት። ሊፍት? በፍጹም።

«ተወዛወዘ ማለት ሊወድቅ ነው» የሚሉም አሉ። ረጅም ሕንፃ እንዲወዛወዝ ተደርጎ ነው የሚሠራው።

«ፎቁ በረዘመ ቁጥር አደጋው ይብሳል፤ መነሻው ሩቅ ከሆነ ግን አይነካንም» የሚለውም ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1985 ሜክሲኮ ሲቲን የመታው መንቀጥቀጥ መነሻው ከ350 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቅ ነበር። ክፉኛ የተጎዱት ከ6 እስከ 15 ፎቅ ያላቸው ናቸው። ከተማው ያረፈበት ለስላሳ የሐይቅ አፈር የሚወዛወዝበት ምት ከእነሱ ምት ጋር ገጠመ። ቤት ስትገዙ ከፎቁ ብዛት በፊት ስለ አፈሩ ጠይቁ።

«በሕጉ መሠረት ስለተሠራ ምንም አይሆንም» ለሚለኝ ደግሞ፦ የሕጉ ዋና ዓላማ እናንተ በሕይወት እንድትወጡ ነው። ቤቱ ተሰነጣጥቆ ዳግም ላይኖርበት ይችላል።

አሁን ተነሱና ቁምሳጥናችሁን ገፋ አድርጉት። ከተነቃነቀ ከግድግዳው ጋር በብረት አሳስሩት፤ ላይኛው ፎቅ ላይ ንቅናቄው ይበረታል። ከልጆች አልጋ በላይ የተሰቀለ ከባድ ነገር ካለ ዛሬውኑ አውርዱት። ከአልጋችሁ ሥር የተዘጋ ጫማና ባትሪ ይኑር፤ ወለሉ በጨለማ የመስታወት ስብርባሪ ይሞላል። ውሃም በጀሪካን አስቀምጡ። ፓምፑ የሚሠራው በመብራት ነው።