«ሎኬሽን ላክልኝ»፦ ከሳተላይቶቹ ጀርባ ያለው ሥራ

የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም እንግዳ ሲመጣ ሁሉም የሚለው አንድ ነው፦ «ሎኬሽን ላክልኝ»። ስልኩ ላይ የምትታየውን ሰማያዊ ነጥብ ብዙ ሰው የአሜሪካው ጂፒኤስ ብቻ ያደርጋታል። ግን የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም መላውን ዓለም ይሸፍናሉ። ሕንድ ደግሞ ለራሷና ለአካባቢዋ ብቻ የሚሆን ናቪክ የሚባል አላት።

ሥራው በዋናነት የሰዓት ሥራ ነው። ሳተላይቷ ያለችበትን ቦታና ሰዓቷን ትናገራለች፤ ስልኩ ምልክቱ ስንት ጊዜ እንደፈጀ ያሰላል። ሰዓቷ በሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ብትሳሳት ርቀቱ በ300 ሜትር ይዛባል። አባዶ ላይ ያ ማለት የሰው ብሎክ ደጃፍ ላይ መቆም ነው። ለዚህ ነው አቶሚክ ሰዓት፣ ማለትም ጊዜን በአቶሞች የሚቆጥር እጅግ ትክክለኛ ሰዓት፣ የሚጫነው።

የናቪክ ታሪክ እኔን በጣም ያስተምረኛል። ሕንዶች መነሻውን ሲያነሱ ከፓኪስታን ጋር የተዋጉትን የ1999ኙን (እ.ኤ.አ.) የካርጊል ጦርነት ይጠቅሳሉ፤ አሜሪካን የጂፒኤስ መረጃ ጠይቀን ተከለከልን ይላሉ። የመጀመሪያዋ ሳተላይት በ2013 (እ.ኤ.አ.) ወጣች። ከውጭ የተገዙት 3 ሰዓቶቿ ግን አንድ በአንድ ቆሙ። ምትኳ በ2017 ስትላክ የሮኬቱ ሽፋን አልከፈት ብሎ ውስጡ ቀረች። ሌላ ላኩ፤ ያቺ ተሳካች። በ2023 የራሳቸውን ሰዓት የያዘች ሳተላይት አወጡ። በ2025 የተላከችው ደግሞ የታሰበላት ምሕዋር ላይ ሳትደርስ ቀረች። ተስፋ አለመቁረጥ ይሉሃል ይሄ ነው!

እኛ እንዲህ ዓይነት ሳተላይት የለንም። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ከቻይና የመጠቀችው ኢቲአርኤስኤስ-1፣ 70 ኪሎ ገደማ የምትመዝን፣ ምድርን ፎቶ የምታነሳ ነበረች። መቆጣጠሪያዋ ከከተማው በላይ እንጦጦ ተራራ ላይ ነው።

የራሳችን የቤት ሥራ ግን አለን። ኢትዮጵያ ያለችው ከመግነጢሳዊው የምድር ወገብ አጠገብ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ በላይኛው አየር፣ አዮኖስፌር በሚባለው ንብርብር፣ የሚፈጠረው ብጥብጥ የሳተላይቶቹን ምልክት ያንቀጠቅጠዋል። ይህን ከእኛ ሰማይ ሥር ሆኖ የሚለካ ሰው ያስፈልጋል።

ካርታውም አለ። የቆዩት የአገራችን ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በተባለው የልኬት መነሻ፣ ማለትም የቦታ ቁጥሮች በሚሰሉበት መሠረት፣ ነው። የጂፒኤስ መነሻ ሌላ ነው። የከተማ ዳር ቦታ የሚለካ ቀያሽ የድሮውን ቁጥር ሳይቀይር ስልኩ ላይ ቢያስገባ፣ ነጥቡ ከ200 ሜትር በላይ ፈቅ ብሎ የሌላ ሰው ማሳ ላይ ያርፋል።