የግል ምርጥ ሰዓት ምንድን ነው? ከድሬ የሳይክል መንገድ

"ወንድሜ ትናንት ከደንገጎ በሳይክል ሲወርድ ሰባ ገባ" አለኝ የሰፈራችን ባለ ባጃጅ። "አንተስ በስንት ነው የምትነዳው?"

"በሠላሳ።"

"አቦ! ሠላሳማ ባጃጄም ትሄዳለች።"

ሳቀብኝ። አልፈረድኩበትም። ከደንገጎ ቁልቁል ወደ ድሬ ለሚወርድ ሰው በሰዓት ሰባ ኪሎ ሜትር መግባት ብርቅ አይደለም፤ ፍሬን አለመያዝ ብቻ ይበቃል። (ጥምዝምዙን በሰላም መጨረስ ሌላ ጉዳይ ነው።) እኔ ግን የምለፋው ለሌላ ነገር ነው፤ ለግል ምርጥ ሰዓት።

ቃሉን ከአትሌቲክስ ዘገባ ሁላችንም እናውቀዋለን። "ስድስተኛ ብትወጣም የግሏን ምርጥ ሰዓት አስመዝግባለች" ይላል ጋዜጠኛው። አንድ ሰው በአንድ ርቀት ላይ እስከዛሬ ከገባባቸው ሰዓቶች ሁሉ ፈጣኑ ማለት ነው። ተፎካካሪህ የዛሬ ስድስት ወሩ አንተ ነህ። በሳይክል ዓለም ደግሞ ይህ ነገር በደንብ የሚታየው በክሮኖ ነው። ክሮኖ ላይ ተወዳዳሪዎቹ አብረው አይነሱም። ብዙ ጊዜ በአንድ ደቂቃ ልዩነት፣ አንድ በአንድ ይለቀቃሉ። ከሰው ጀርባ ተለጥፎ መሄድ ክልክል ነው። አንተ፣ ሳይክልህና ሰዓቱ ብቻ።

ሲሰሙት ቀላል ይመስላል። አስቸጋሪው ነገር አየሩ ነው።

በሜዳ ላይ ሠላሳና ከዚያ በላይ ስትነዳ አብዛኛው ጉልበትህ የሚያልቀው አየር በመግፋት ነው። አየር ደግሞ ቸር አይደለም። ከ30 ወደ 33 ለመግባት፣ ማለትም ፍጥነትህን 10 በመቶ ለመጨመር፣ አየሩን ለመግፋት የምታወጣው ኃይል 33 በመቶ ገደማ ይጨምራል። ጀማሪ ሰው በየሳምንቱ ደቂቃ ሲቀንስ ከርሞ ድንገት በሰከንድ መለመን የሚጀምረው አንዱ ለዚህ ነው።

አየር ምን ያህል እንደሚወስን እነሆ። እ.ኤ.አ. በ1989 የቱር ደ ፍራንስ፣ የታላቁ የፈረንሳይ የሳይክል ውድድር፣ የመጨረሻ ቀን ከቬርሳይ እስከ ፓሪስ የ24.5 ኪሎ ሜትር ክሮኖ ነበር። አሜሪካዊው ግሬግ ሌሞንድ ከፈረንሳዊው ሎራን ፊኞን በ50 ሰከንድ ተበልጦ ነበር የተነሳው። ሌሞንድ ክንዱን ወደፊት ዘርግቶ የሚያሳርፍበት መደገፊያ መሪው ላይ ገጥሟል፣ ጎንበስ ብሏል። ፊኞን ያለ ሄልሜት፣ ረጅም ፀጉሩን ከኋላ አስሮ። ሌሞንድ በ58 ሰከንድ ቀድሞት ገባ። ከ3,200 ኪሎ ሜትር በላይ የተነዳ ውድድር በ8 ሰከንድ ተወሰነ። ያንን ካነበብኩ ወዲህ ሰፊ ሸሚዝ ለብሼ ሰዓት አልይዝም። ነፋስ ሲገባበት እንደ ድንኳን ይነፋል።

የኔ መንገድ ከከተማ ወጣ ብሎ ወደ መልካ ጀብዱ በሚወስደው በኩል ነው። አምስት ኪሎ ሜትር ሄጄ አንዲት ግራር ጋ እዞራለሁ፤ አምስት ተመልሼ አሥር። ከደንገጎ ጋር ሲተያይ ሜዳ ነው። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፤ በኋላማ ፀሐዩም መኪናውም አያስነዳም። ሁሉንም በደብተር እጽፋለሁ፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ፣ ምን እንደለበስኩ።

ነፋሱን የምጽፈው ስለተታለልኩ ነው። "ስሄድ ቢገፋኝ ስመለስ ይገፋልኛል፣ ይቻቻላል" እል ነበር። አይቻቻልም! ነፋስ በሌለበት ቀን በ30 ብነዳ አሥሩን ኪሎ ሜትር በ20 ደቂቃ እጨርሳለሁ። ነፋስ ባለበት ቀን በ25 ሄጄ በ35 ብመለስስ? አማካዩ 30 ይመስላል። ግን መሄጃው ብቻ 12 ደቂቃ ይፈጃል፣ መመለሻው 8 ደቂቃ ከ34። ድምሩ 20 ደቂቃ ከ34 ሰከንድ። በዝግታው ፍጥነት ላይ ብዙ ጊዜ ስለምቆይ፣ ነፋሱ የሰጠኝ ከወሰደብኝ ያንሳል።

አንድ ቀን ግን በጣም ጥሩ ሰዓት ገባሁ። 19:41፣ ማለትም 19 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ! ሩብ መንገድ ሲቀረኝ አንድ ረጅም ከባድ መኪና አጠገቤ አለፈ። አየሩን ቀዶ ሲሄድ እኔንም ይዞኝ ሄደ፤ ሰው ከኋላዬ የገፋኝ ያህል ነው። ለጥቂት ሰከንድ ፔዳሉ ባዶ ሆነ። ቤት ስገባ ደብተሩ ላይ ጻፍኩትና አጠገቡ "የመኪና" የሚል ጨመርኩ። አልቆጥረውም። ብዙ ሰው ይቆጥረዋል፣ አውቃለሁ።

በክሮኖ የተካኑት እንግሊዞች ናቸው። አገራቸው ውስጥ ክሮኖ የአማተሮች ስፖርት ሆኖ ያደገው በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአደባባይ መንገድ መወዳደር ችግር ስላመጣ ነው። ማልደው፣ ጥቁር ለብሰው፣ መንገዱን በስም ሳይሆን በምስጢር ኮድ ጠርተው፣ አንድ በአንድ ይነዱ ነበር። ኮዱ ዛሬም አለ። ርቀቱ በማይል ስለሆነ 10 እና 25 ማይል ይወዳሉ፤ 16.1 እና 40.2 ኪሎ ሜትር መሆኑ ነው። "ፈጣን" የሚባሉ መንገዶችም አሏቸው፦ አስፋልቱ የለሰለሰ፣ መኪና የሚበዛበት። ለአንድ ምርጥ ሰዓት ብሎ ሳይክሉን መኪና ላይ ጭኖ ሩቅ የሚጓዝ ሰው ሞልቷል።

ወደኛ እንመለስ። ሐረር ያለው ጓደኛዬ ባለፈው ደውሎ "አሥሩን በ19:10 ገባሁ" አለኝ። እሱ የሚነዳው ወደ አወዳይ በሚወስደው መንገድ ነው፤ የጫት መኪና የሚበርበት። (የጫት መኪና ሾፌር ሁሉ የግል ምርጥ ሰዓቱን ሊያሻሽል የወጣ ነው የሚመስለኝ።) የኔ ያኔ 19:48 ነበር። በለጠኝ?

ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር 1,900 ገደማ። ከፍ ሲል አየሩ ይሳሳል፤ ለመግፋት ይቀላል። ቤልጂየማዊው ሳይክለኛ ኤዲ መርክስ እ.ኤ.አ. በ1972 በአንድ ሰዓት 49.431 ኪሎ ሜትር የነዳው ሜክሲኮ ሲቲ ድረስ ሄዶ ነው፤ ከ2,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ። (ይህን የአንድ ሰዓት ክብረ ወሰን ጣሊያናዊው ፊሊፖ ጋና በ2022 ስዊዘርላንድ ውስጥ 56.792 አድርሶታል።) ግን የሳሳው አየር ለሳንባም ሳስቷል፣ ኦክስጅኑ ያንሳል። የድሬ ሙቀትም አየሩን ያሳሳል፤ ያው ሙቀት ሰውነትህን ያግልና ያዝለዋል። እሱ ባንድ በኩል ተጠቅሞ በሌላ በኩል ከፍሏል፣ እኔም እንደዚሁ። ስለዚህ የሱ 19:10 የሱ ነው፣ የኔ 19:48 የኔ ነው። "የግል" የምትለዋ ቃል እዚህ ጋ ነው ሥራ የምትሠራው። ይህን ሳስረዳው "ተበልጠህ ነው" ብሎ ስልኩን ዘጋው።

አነሳስም አለ። የመጀመሪያዋ ደቂቃ ላይ እግር ትኩስ ነው፣ ልብ ገና አልነቃም፣ አርባ መግባት ያምራል። ያቺን ደቂቃ ስምንተኛው ኪሎ ሜትር ላይ በወለድ ትከፍላታለህ። አሁን ሆን ብዬ ቀስ ብዬ ነው የምነሳው። ያናድዳል፣ ግን ይሠራል።

19:48 ላይ ሁለት ወር ተቸከልኩ። ልምምድ ጨመርኩ፣ ንቅንቅ የለም። በመጨረሻ ሳይክሉን ይዤ ሰፈር ውስጥ ወደሚጠግኑት ጋሼ ሄድኩ። ገልብጠው በመሪውና በኮርቻው አቆሙት። የኋላውን ጎማ በመዳፋቸው መቱትና ጆሯቸውን አስጠጉ። ሽር፣ ሽር፣ ሽር። ሁለት ዙር ሳይሞላ ቆመ።

"ይሄን ያህል ጊዜ ፍሬን ይዘህ ነው የምትነዳው" አሉኝ።

የፍሬኑ ላስቲክ ቸርኬውን በአንድ በኩል ይነካው ነበር። በመፍቻ ትንሽ ላላ አደረጉት፣ ካቴናውን ዘይት ቀቡልኝ፣ ጎማውንም ነፉልኝ። እንደገና መቱት። ዝም ብሎ ዞረ፣ ዞረ።

በሳምንቱ ማለዳ፣ ነፋስ የለም፣ መኪና አላለፈኝም፦ 19:21። እየነዳሁ ቀጥታ ጋሼ ጋ ሄድኩ። ገና ሱቃቸውን ሲከፍቱ ደረስኩ። ሰዓቱን ነገርኳቸው።

"ጎበዝ" አሉ። "ግን በእግርህ ነው ያሻሻልከው ወይስ በኔ መፍቻ?"

ዝም አልኩ። ጥያቄው ቀኑን ሙሉ ያስቸግረኛል ብዬ ሳስብ፣ መፍቻውን ከሣጥኑ አወጡ።

"ፍሬኑን መልሼ ላጥብቀውና ነገ እንደገና ትነዳዋለህ፤ ይለያል።"

"ይቅርብኝ ጋሼ" አልኩና ሻይ አዘዝኩላቸው።